ሽምግልና በጣሊያን ምግብ ቤት

ናሆም የፍቅረኛውን የፌቨንን አባት አይቷቸው አያውቅም። ቦሌ ያለ ጣሊያን ምግብ ቤት ቀጥሯቸው ከረባቱን እየነካካ ሲጠብቅ፣ ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሽበታም ሰው ወደ ጠረጴዛው መጡ። ብድግ ብሎ እጅ ነሳና ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው።

«አባቴ፣ ምግቡ ሳይቀርብ ልናገር። ልጅዎን እወዳታለሁ። ይዳሩልኝ!»

የሰውየው ዓይን እንባ አቀረረ። ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

«ተባረክ ልጄ! ሴት ልጅ ብትኖረኝ ላንተ ነበር የምድራት። አሁን ምን ልታዘዝ?»

ናሆም በድንጋጤ ክው አለ። ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ፣ ቀድመው መጥተው ርቧቸው መብላት የጀመሩ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ። ፓስታው ከአፋቸው እስከ አገጫቸው ተንጠልጥሏል።

«የፌቨን አባት እኔ ነኝ» አሉ እየመጠጡት። «ሰምቼሃለሁ። ግን አስተናጋጁን ምግብ ካዘዝከው በኋላ፣ ለእኔም እንደገና ለምነኝ።»