ራስን መቻል፣ አዲስ መስመር

«ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን መቻል አለበት፣ አራት ነጥብ። አዲስ መስመር» አሉ መምህሩ፣ ከሰሌዳው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሰሌዳው እየተመላለሱ።

ክፍሉ ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። መምህሩ ይህን የእስክሪብቶ ድምፅ ይወዱታል። ሌላ አስተማሪ ሲገባ ተማሪው ይንሾካሾካል፣ ወረቀት ይወራወራል፤ እሳቸው ሲገቡ ግን ዝንብ እንኳ ፈቃድ ጠይቃ የምትበር ይመስላል። ከኋላቸው «አራት ነጥብ» ነው የሚሏቸው። እሳቸውም ያውቃሉ፤ አልፎ አልፎ የሚቆጡት ለይምሰል ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ ኑሮ የማዘጋጀቱ ሥራም እንዲያው አልተሰጣቸውም። ከእሳቸው እጅ የወጣ ልጅ ፈተና አይወድቅም፤ ቃል በቃል ያስጽፋሉ፣ ቃል በቃል ያስጠናሉ። ዛሬ ደግሞ ለዚህ ምስክር አምጥተዋል።

ከፊት ወንበራቸው ላይ ያስቀመጧት ልጅ አምና ከዚሁ ክፍል የወጣች ናት። ያን ጊዜ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «ቀለሜዋ» ነበር የምትባለው። ፎቶዋ እስከ ዛሬ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ነው። ለእረፍት መጥታለች ሲባል ሰምተው ቤቷ ድረስ ሄደው የጠሯት ራሳቸው ናቸው። እናቷ «እሺ፣ ትመጣለች» ሲሉ ፊታቸውን ወደ ጓሮ አዙረው ነበር፤ መምህሩ ዓይነ አፋርነት ነው ብለው አለፉት።

«ያስጻፍኳችሁን ሁሉ በኑሮ ያየች እህታችሁ ናት» አሉ አሁን። «በይ ንገሪያቸው እስቲ። ስለ ዶርሙ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የእኛ ዝግጅት እንዴት እንደጠቀመሽ። አይዞሽ።»

ልጅቷ ተነሳች። ከስታለች፤ ሹራቧ የሌላ ሰው መስሎ ተንጠልጥሎባታል።

«ዶርሙ ደህና ነው። አልጋው ተደራራቢ ነው። የሎከራችሁን ቁልፍ ለሰው አትስጡ።»

ተማሪዎቹ ጻፉ።

«የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገባሁ» ብላ ቀጠለች። «ፊት ቁጭ አልኩ፣ ደብተሬን ገለጥኩ፣ ቀኑን ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት። አስተማሪው ገብቶ ማውራት ጀመረ። ወሬውን ይጨርስና ያስጽፈናል ብዬ ጠበቅኩ። አወራ፣ አወራ፣ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጫረ፣ ‹ጥያቄ አላችሁ?› አለና ወጣ። ደብተሬ ላይ የነበረው ቀኑ ብቻ ነው።»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። መምህሩም ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

«ነገ ያስጽፈናል አልኩ። በማግስቱም ያው። አጠገቤ ያለችው ልጅ ትጽፋለች። ‹ጻፉ ሳይል ምንድን ነው የምትጽፊው?› አልኳት። ለጓደኞቿ ነገረቻቸውና ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አልጠየቅኩም። የሚጠይቅ ያላዳመጠ ነው አይደል?»

መምህሩ ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። ይህን አባባል ያውቁታል፤ የራሳቸው ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ቀን፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያስጽፉት እሱን ነው።

«አሁንማ ለምደሻላ» አሉ ፈጠን ብለው፣ ነገሩን ወደ መስመሩ ሊመልሱ። «ለሚቀጥለው መንፈቅ ስትመለሺ እኮ…»

«አልመለስም፣ ቲቸር።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «ውጤት አልመጣልኝም፤ ተባርሬያለሁ። እናቴ ለጎረቤት እረፍት ላይ ናት የምትለው አፍራ ነው። እርስዎ ሲጠሩኝም እምቢ ልል ነበር። በኋላ ግን፣ እነዚህም እንደኔ ቁጭ ብለው ሊጠብቁ አይደል ብዬ መጣሁ።»

መምህሩ ኩም አሉ። ሰው ነውና መጀመሪያ የታሰባቸው የራሳቸው ጣጣ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ፣ በአስተማሪዎች ክፍል የሚነሳው ሳቅ። ቀጥሎ ልጅቷ ላይ ተናደዱ። ከተማ አይታ ብትጫወት ነው እንጂ ሰው በጽሑፍ ምክንያት ይባረራል? ሰነፍ ሊሏት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር።

ግን እጇን አዩ። መሐል ጣቷ ላይ እስክሪብቶ ያበጀው ጉብታ አለ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ፣ እሳቸው እያስጻፏት የወጣ። ይህች ልጅ ያሏትን ሁሉ አድርጋለች። ጻፊ ሲሏት ጽፋለች፣ ዝም በይ ሲሏት ዝም ብላለች፤ የጠፋችውም እንደታዘዘችው ሆና ነው።

ልጅቷ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። «እዚያ ማንም ጻፉ አይላችሁም። የሰማችሁትን ራሳችሁ መዝናችሁ ነው የምትጽፉት። ሳይገባችሁ ሲቀር ደግሞ ጠይቁ። ቢስቁባችሁም ጠይቁ።»

አንድም እስክሪብቶ አልተንቀሳቀሰም። ክፍሉ ሙሉ የመምህሩን አፍ አፍ ያያል። በመጨረሻ ከፊት ረድፍ አንዷ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄንን እንጻፈው?»

የተባረረችው ልጅ ዓይኗን ጨፈነች። መምህሩ «ጻፉ» ሊሉ ነበር፤ «አትጻፉ» ሊሉም ነበር። ሁለቱም ያው መሆኑ ገባቸው። በዚህ ሁሉ የማስተማር ዘመናቸው ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ነገር ፈለጉ፣ እንደ እንግዳ ቋንቋም አስቸገራቸው።

«እናንተስ» አሉ፣ ድምፃቸው እየሻከረ፣ «እናንተስ ምን ይመስላችኋል?»

ከዚያ አንገቶቹ ሁሉ እኩል ተደፉ፣ የእስክሪብቶው ድምፅም ክፍሉን ሞላው። ቅድም እጇን ያወጣችው ልጅ ከሁሉ ቀድማ ጨርሳ ቀና አለች።

«መጨረሻው ላይ ጥያቄ ምልክት ነው፣ ቲቸር?»