ሁለቴ የጮኸው ሳህን

ከአዋጁ ወዲህ ጦሙን የሚያድር ልጅ የለም። መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ በቀን ሦስቴ ትኩስ ምግብ በሳህን ይልካል። ከልጁ ሌላ ሰው ከቀመሰ ግን ሳህኑ ይጮኻል፤ ሦስቴ ከጮኸ ልጁ ወደ ማሳደጊያ ይወሰዳል። የትንሿ ምንታምር ሳህን ሁለቴ ጮኋል፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቷን ስታጎርስ።

እናቷ ዘርፌ አሸዋ ስትሸከም ውላ ገባችና አጠገቧ ዘፍ አለች።

ምንታምር ከሳህኗ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችላት። "እማዬ፣ አንዴ ብቻ! በሞቴ!"

"ኧረ ተዪ! ጠግቤያለሁ የኔ ዓለም፤ አንቺ ብዪ።"

"ውሸታም! ሆድሽ ሲጮህ ሰምቻለሁ።"

ዘርፌ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጅቷ እጇ እስኪዝል ዘርግታ ቆየች፤ በመጨረሻ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው።

ሳህኑ ዝም አለ።