ከጅማ የመጣችው ያማሃ

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጥላዬን አምሽቶ የሚያጫውተው ወንድይራድ ብቻ ነበር። በዓይን ተያይተው አያውቁም። አንዱ ደሴ፣ ሌላው ጅማ ሆነው፣ በንጉሡ ዘመን የገቡ ሁለት ያማሃ ሞተር ሳይክሎችን ያድሳሉ። መጀመሪያ ይደዋወሉ ነበር፤ ኋላ ወንድይራድ "ጆሮዬ ደክሟል፣ ጻፍልኝ" ስላለው በስልክ መጻጻፍ ያዙ። ስለ ካርቡሬተር ይጀምሩና "እራት በላህ?" ላይ ይደርሳሉ።

ቢሾፍቱ ላይ የአሮጌ ሞተሮች ትርዒት ሲዘጋጅ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ጥላዬ ለዚሁ ብሎ አዲስ ኮት ገዛ። ሰዉ ሞተሩን ከቦ ፎቶ ሲነሳ፣ እሱ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም።

ረፋዱ ላይ የጅማዋ ያማሃ ከፒካፕ ወረደች። በፎቶ የሚያውቃት ቀይዋ ናት። አብራት የመጣችው ግን አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ ብቻ ነበረች።

"ወንድይራድስ?" አላት።

"ባለቤቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው።"

"እንዴት ይሆናል እህቴ? ከትናንት ወዲያ ማታ እኮ 'መንገዱ ሩቅ ነው፣ በጠዋት ተነሣ' ብሎ ጽፎልኛል።"

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች።

"ያኔ መርዶውን ልነግርዎ ስልኩን ባነሳ፣ 'ካንተ በቀር እንዴት አደርክ የሚለኝ ሰው የለም' ብለው ጽፈው አገኘሁ።"

ጥላዬ እጆቿን አየ። ጥፍሮቿ ሥር ታጥቦ የማይለቅ የሞተር ዘይት ገብቷል።