እግሩን ያዢ

«ከፍ አድርጊው እንጂ!» አለ ኦዳቅ።

«ከዚህ በላይ ከፍ ካደረግኩት አብሬው መነሣቴ ነው» አለች ሚስቱ ቢቢያኔ። የአጋዘኑን የኋላ እግር በሁለት እጇ አቅፋ፣ ትከሻዋን ከሥሩ አስገብታ ቆማለች። ቀኝ ቦቲዋ ረግረጉ ውስጥ እየሰመጠ ነው፤ ትንኙ ደግሞ እጇ መያዙን ያወቀ ይመስል ዐይኗ ሥር ሰፍሯል።

ዛፍ ባለበት አገር ሰው ያደነውን ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል፤ ሆዱ ሲከፈት አንጀትና ጨጓራው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። በግሪንላንድ ሜዳ ዛፍ የሚሉት ነገር ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ስለዚህ አውሬው በጀርባው ይንጋለላል፣ እንዳይገለበጥ በግራና በቀኙ ድንጋይ ይሸጎጥለታል፣ እግሩን ደግሞ ሰው ይይዛል። ቢቢያኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህ ሰውዬ ዛፍ ሆና ኖራለች። ዘንድሮ ታክቷታል።

ክብደቱስ ግድ የላትም። ያታከታት የኦዳቅ ነገር ነው። ከአጋዘኑ ጎን በርከክ ይላል፣ ቢላውን ያስጠጋል፣ ይመልሳል፣ መሳያ ድንጋዩን ከኪሱ አውጥቶ እንደገና ይስላል። ጎረቤታቸው ካራሌ በየዓመቱ አብሯቸው ይመጣ ነበር፤ እሱ ቢኖር እስካሁን ሥጋውን ተሸክመው ወደ ጀልባው እየወረዱ ነበር። «ለአንድ አጋዘን ሁለት ሰው ይበቃል» ብሎ ያስቀረው ኦዳቅ ራሱ ነው።

«ስንተኛህ ነው ስትስል? ጺምህን ልትላጭበት ነው እንዴ?»

«የደነዘ ቢላ ጨጓራ ይበሳል።»

«አምናም የበሳው ቢላው ነዋ!»

«ቢላው ነው።»

«ከሰገባው ብቻውን ወጥቶ!»

ኦዳቅ ድንጋዩን በምራቁ አርሶ መሳሉን ቀጠለ።

አምና እንዲሁ እዚህ ሜዳ ላይ ጨጓራውን ቀዶት፣ ፈርሱ በሽንጡም በጭኑም ላይ ፈሶ፣ የሥጋውን እኩሌታ ለቁራ ትተው ተመለሱ። ክረምቱን የሱቅ ዶሮ በሉ። የኦዳቅ እናት ግን «ይሄ ምግብ ነው?» ብለው ዶሮውን አልነካም አሉ፤ ሻይና ዳቦ ብቻ እየቀመሱ ከረሙና በፋሲካ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። ዘንድሮም የአደን ፈቃዳቸው ለአንድ አጋዘን ብቻ ነው። ይሄ ከተበላሸ ሌላ የለም።

«ስጠኝና እኔ ልክፈተው» አለች ቢቢያኔ።

«የገደለ ነው የሚከፍተው። በአባቴ ቤት ደንቡ ይሄ ነው።»

«አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ እንዲህ አይንቀረፈፉም ነበር። ጭጋጉን አታየውም? ከባሕሩ ተነሥቶ እየመጣ ነው።»

«አየሁት።»

«እንግዲያው ወይ ክፈት፣ ወይ ልቀቅ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ እግሩን ያዢ ብዬሻለሁ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች፣ እንዲሰማት ጮክ ብላ።

እልህ ሳይዘው አልቀረም፤ በመጨረሻ ቢላውን ከደረቱ አጥንት በታች ሰካው። ሁለት ጣት ከቆዳው ሥር ይገባል፣ ስለቱ ወደ ላይ ይዞራል፣ ከዚያ ቀስ እየተባለ ወደ ታች ይኬዳል፤ ይሄን ከሷ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ግን ስንዝር እንኳ ሳይሄድ ስለቱ ወደ ጎን አፈነገጠ። ቢቢያኔ ጮኸች። እግሩን ለቀቀችው፤ ወድቆ የኦዳቅን ባርኔጣ ረግረጉ ላይ ጣለው። እሷ በጉልበቷ ወድቃ የተቀደደውን ገለጥ አድርጋ አየች። ሞራው ተሰንጥቋል። ከሥሩ ጨጓራው ተነፍቶ ደኅና ተቀምጧል። ለጥቂት ነው የተረፈው።

«በቃ!» አለች። ድምጿ ለራሷም አስደነገጣት። «በቃ፣ ሰለቸኝ! እናትህ ዘንድሮም በሻይ ይክረሙ? ላንተ ኩራት ሲባል አሮጊት ትራብ? ተነሥ ከዚያ!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪመሽ ይከራከራት ነበር። አሁን ግን ቢላውን ሣሩ ላይ ጠረገና እጀታውን ወደሷ አዙሮ ዘረጋላት።

«እንኪ» አለ።

ሳይጨቃጨቅ መስጠቱ ገርሟታል። ቢሆንም ድል አድራጊ ዝም አይልም፤ ቦታ ሲቀያየሩም እየተነጫነጨች ነበር። «ከአንድ ሰዓት በፊት ብትሰጠኝ ምን ነበረበት? አሁን እሱን ያዝ። አጥብቀህ!»

«ይዣለሁ።»

ሁለት ጣቷን ከቆዳው ሥር ሰደደች፣ ስለቱን ወደ ላይ አዞረች፣ መቁረጥ ጀመረች። አንድ ስንዝር ሄደች። ከዚያ ከጣቶቿ ሥር አጋዘኑ ተንቀጠቀጠ።

ክው አለች። እንስሳው ከሞተ ቆይቷል፤ ዐይኑ ፈዝዟል፣ ምላሱ ቀዝቅዟል። መዳፏን ሆዱ ላይ አሳረፈች። አልተሳሳተችም፤ ከውስጥ ደቃቅ ንዝረት ይሰማታል፣ አያቋርጥም። ከጭኑ በኩል ነው የሚመጣው። በዐይኗ ተከተለችው፤ ጭኑን አልፋ፣ ጉልበቱን አልፋ፣ እስከ ሰኮናው ወጣች። እዚያ የኦዳቅን ሁለት እጆች አገኘች።

ኦዳቅ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሯል። ጥርሱን ነክሷል።

ልትናገረው ያዘጋጀችው ስድብ ገና ምላሷ ላይ ነበር፤ ዋጠችው። «እጅህ እንዲህ የሚሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?» ልትለው አሰበች፤ እሱንም ዋጠችው።

«ትከሻህ ላይ አድርገው» አለች። «እንደዚያ ይቀላል።»

ወደሷ ሳይዞር እግሩን ትከሻው ላይ አስደገፈ። ንዝረቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ቢቢያኔ ግራ እጇን ሆዱ ላይ ጫን አድርጋ ጠበቀች፤ ጋብ ሲል ጥቂት ቆረጠች፣ ሲመለስ ቢላውን አቆመች፣ ጋብ ሲል ደግሞ ጥቂት ቆረጠች።