የፅጌ ቅዳሜ

ቀለመወርቅ በሚስቱ መቅናት የጀመረው ነጭ ስኒከር የገዛች ዕለት ነው።

ከዚያ በፊት ስለ ቅዳሜው ጉዞ ግድ አልነበረውም። ፅጌና የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ከአስኮ ተነስቶ፣ ከከተማው ወሰን ወጥቶ፣ በገበሬ ማሳ መሃል እያለ እስከ ወንጪ የሚዘልቀውን የእግር መንገድ በየሳምንቱ ቁራጭ ቁራጩን ይሄዱታል። ሲደክማቸው ያቆማሉ፣ በሳምንቱ ካቆሙበት ይጀምራሉ። «ታክሲ ጠፍቶ ነው?» እያለ ይስቅባት ነበር። እሱ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ በእግር የሚሄደው መኪናው ሲበላሽበት ብቻ ነው። ጤፍ ሊጭን በአምቦ መስመር ወጥቶ ሲመሽበት ቤርጎ ያድራል። ቤት የምትጠብቅ ሚስት አለችኝ ብሎ ልቡን ጥሎ ይኖር ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ፅጌ ከጉዞው ዓይኗ አባብጦ ተመለሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«አቧራ ነው» አለችው። እራት ሳትበላ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆነች። ስኒከሩ መጣ። ሽቶ መቀባት ጀመረች። ሽቶ! ለማን? ለገበሬው በሬ? መንገድ የሚመራቸው ሮቤራ የሚባል የቡራዩ ልጅ ነው፤ ስሙ ከአፏ አይጠፋም። ሮቤራ እንዲህ አለ፣ ሮቤራ እንዲያ አለ። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ስታወራ ቀለመወርቅ ከበሩ ኋላ ሰማት።

«አልነገርኩትም፣ ሮቤራ። ራሱ ይድረስበት።»

ደሙ ፈላ። እደርስበታለሁ አለ በሆዱ።

«ቅዳሜ እኔም እመጣለሁ» አላት።

«ይደክምሃል፣ ይቅርብህ።»

«እንዳላይ የተፈለገ ነገር አለ?»

«ኧረ ና» አለች ፅጌ፣ የሱን ሸሚዝ እየጨመቀች።

ቅዳሜ ጠዋት አስኮ ፌርማታ ሲደርሱ ሮቤራ ብቻውን ቆሟል። ወጣት ነው፣ ረጅም ነው፣ ጥርሱም ያምራል። ቀለመወርቅ ይህን ሁሉ እንደ ስድብ ቆጠረው።

«ሌሎቹስ?»

«ዛሬ ሰርግ አለባቸው» አለ ሮቤራ።

እሱ ባይመጣ ኖሮ ሁለቱ ብቻ ሊሄዱ ነበር ማለት ነው። ሚኒባሱ ውስጥ መሃላቸው ገብቶ ተቀመጠ። ቡራዩን አልፈው ብዙም ሳይርቁ ሮቤራ «ወራጅ አለ!» አለ።

«እዚህ?» አለ ቀለመወርቅ። «ገና ወደፊት ነው አላላችሁም?»

«ዛሬ አንቀጥልም። የዛሬ ሦስት ሳምንት የሄድነውን ነው የምንደግመው። ፅጌ በጣም ወዳዋለች።»

ቀለመወርቅ ፊቱ ተለዋወጠ። መንገድ ተሄደ እንጂ ምኑ ይወደዳል? «ሆዴን አሞኛል» አለ። «እንመለስ።»

«አንተ ተመለስ፤ ታክሲው እዚሁ ነው» አለች ፅጌ። «እኛ ጨርሰን እንመጣለን።»

እኛ! ታክሲውን አየ፣ ሮቤራን አየ። ሆዱ ወዲያው ተሻለው።

ስንዴው ታጭዷል፤ መንገዱ በቃርሚያው መሃል ቀጥኖ ይሄዳል። ሮቤራ ፅጌን እጇን ይዞ ቦይ ሲያሻግራት ቀለመወርቅ ጥርሱን ነከሰ። ወንዙ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ ከማዶ ሆነው በኦሮምኛ ጮኹ፤ ድልድዩ ተሰብሯል፣ በላይ በኩል እለፉ ማለታቸው ነበር። ሮቤራ ሊተረጉም ዞር ቢል፣ ቀለመወርቅ ወደ ላይ ታጥፎ መንገድ ጀምሯል።

ፅጌና ሮቤራ ተያዩ።

ቀለመወርቅ አያያቸውን ያዘው። ተቃቅፈው ቢያገኛቸው እንኳ እንደዚያ አይበግንም ነበር። በዓይን እስከመግባባት ደርሰዋል።

«ምንድነው የምትተያዩት?»

«ፈጣን ነህ ብለን ነው» አለ ሮቤራ።

ሮቤራ ቀድሞ እስኪርቅ ጠብቆ ሚስቱን ክንዷን ያዛት። «ስሚኝ ፅጌ። እኔ ሞኝ አይደለሁም። የሚያታልለኝን ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር አላሳድርም። ትዳሬን ዛሬ ነው የማፈርሰው!»

«ልክ ነህ» አለች ፅጌ፣ ክንዷን ቀስ አድርጋ እያስለቀቀች። «እኔም ብሆን አላሳድርም።»

ይህን ያህል ድፍረት አልጠበቀም።

«ትንሽ ነው የቀረን» አለ ሮቤራ ከፊት ሆኖ። «እዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ሀዊ የምትባል ሴት አለች። ለመንገደኛ እርጎ ትሸጣለች፤ ባለፈውም እሷ ጋ ነው ያረፍነው።»

«እኔ እርጎ አልወድም» አለ ቀለመወርቅ። «እዚህ እጠብቃችኋለሁ።»

«እንደፈለግክ» አለች ፅጌ። ከሮቤራ ጎን ለጎን ሆና ወደ ግቢው ሄደች።

ቀለመወርቅ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። መሄድም አልቻለም፣ መግባትም አልቻለም። ከውስጥ የሴት ድምፅ ተሰማ።

«እንዴ፣ ፅጌ! ባለፈው ፎቶ እያሳየሁሽ ምነው ሳትሰናበቺኝ የወጣሽው? እርጎሽን እንኳ ሳትጨርሺው!»

«አሞኝ ነበር፣ እህቴ።»

ከዚያ ሮቤራ አንድ ነገር አለና ፅጌ ሳቀች። ያ ሳቅ ለቀለመወርቅ ከአቅሙ በላይ ሆነ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ሳያይ መቆየት አልቻለም፤ ተነስቶ በአጥሩ ላይ አንገቱን ሰገግ አደረገ።

ፅጌ ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጋ ነበር የተቀመጠችው። «ግባ እንጂ» አለችው። «ምን ውጭ ያቆምሃል?»

ሀዊ ቅሉን እንደያዘች ዞር አለች። ፊቷ በደስታ በራ።

«ውይ ፅጌ! ባሌን ደግሞ ከየት አገኛችሁት?»