ራስዎ ይንገሩት

«የዘረ መል ምርመራው እንደሚያሳየው ፅንሱ እንደ አባቱ መስማት ሳይችል ነው የሚወለደው» አለ ሐኪሙ፣ ነፍሰ ጡሯን ብቻ እያየ። «እርግዝናውን ለማቋረጥ ገና ጊዜ አለሽ። የፈጣሪን ሥራ እንዴት እነካለሁ እንዳትዪኝ። እያወቁ እንዲህ ያለውን ፍጡር ወደዚህ ዓለም ማምጣትስ ኃጢአት አይደለም ወይ?»

አናጢው ባሏ ከጎኗ ተቀምጧል። ትከሻዋን ነካ አድርጎ በእጆቹ «ምን አለ?» ሲል ጠየቃት። ከተጋቡ ጀምሮ የሰውን ንግግር በእጇ ስትተረጉምለት አንዲት ቃል አስቀርታበት አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት።

«ራስዎ ይንገሩት!» ብላ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ፊት ለፊት እያዩት፣ ‹አንተም ባትወለድ ይሻል ነበር› ይበሉት!»

«ኧረ እኔ እንደዚያ አልወጣኝም።»

«ታዲያ ምን ማለትዎ ነው?»

ሐኪሙ ገና ያን ጊዜ ወደ ባሏ ዞረ። መነጽሩን አውልቆ ይወለውል ጀመር።

ባሏ ክንዷን ያዝ አደረጋት። የአንገቱ ሥር በንዴት ተገትሮ ነበር።

«ተይው» አላት በእጆቹ። «ከንፈሩን አንብቤዋለሁ። አንቺን የጠየቅሁሽ፣ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነው። ይልቅ ወንድ ነው ሴት ብለሽ ጠይቂልኝ፤ ስም ላወጣለት ነው።»