የከፋው ፊት

የመንደሩ የውኃ ፓምፕ ከኅዳር ጀምሮ ጠብታ አልሰጠም። ፕሮጀክቱን ልትገመግም የመጣችው ባለሙያ ግን የመንደሩ ሴቶች ራሳቸው መበላሸቱን ካልመሰከሩ ጥገና ማስፈቀድ አትችልም። ታብሌቷን አውጥታ ሁለት የተሳሉ ፊቶች አሳየቻቸው፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ከፍቶታል።

«በውኃው የተደሰተ የሚስቀውን፣ ያልተደሰተ የከፋውን ይንካ» አለች። ፊቱ በተነካ ቁጥር ከሥሩ ያለው ዓምድ ያድጋል።

አሥራ ዘጠኙም ሴቶች ተራ በተራ የሚስቀውን ነኩ።

ባለሙያዋ ግራ ገባት። «እትዬ ዘርትሁን፣ ፓምፑ ተሠራ እንዴ?»

«የት ተሠርቶ። ዛሬም ከወንዝ ነው የቀዳነው።»

«ታዲያ ምነው የሚስቀውን ነካችሁ?»

«ያኛውማ ሐዘን ላይ ነው። ያዘነ ሰው ፊት ላይ ጣት ይቀሰራል እንዴ፣ ልጄ? ይሄን ትምህርት ቤት አልነገሩሽም?»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

ባለሙያዋ ጥቂት አሰበችና የተሞላውን ሁሉ ሰረዘችው። «እሺ፣ እንግዲያው አጽናኑት» አለች።

እትዬ ዘርትሁን ቀድመው ቀረቡ። መዳፋቸውን በቀስታ የከፋው ፊት ላይ አሳርፈው «እግዜር ያጽናህ» አሉት። ከፊቱ ሥር ያለው ዓምድ ከፍ አለ። ከኋላቸው አሥራ ስምንቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተሰለፉ።